ቆሜ ያስመዘገብኩት እግድ

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1995 ነው፤ እኔም ያን ጊዜ የስልሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ይህ እናቴ በነገረችኝ ስንሄድ ነው። በኢሚግሬሽን ወረቀት ከሄድን ስልሳ አንድ ነኝ፤ የተወለድኩትም ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ሱዳን ሳለን ፎርም የሚሞላልን ልጅ "መቼ ተወለዱ?" ቢለኝ "ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጣራችን ሳይከደን" አልኩት። ልጁ ፎርሙ ላይ ለጣራችን የሚሆን ቦታ ስላላገኘ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ገላገለኝ። ሜልበርን ከተማ፣ ካርልተን ሰፈር፣ እኛ በምንኖርበት ፎቅ ውስጥ ጃንዋሪ አንድ የተወለድን ሽማግሌዎች ብዛት ለአንድ ማኅበር ይበቃል።

ዕድሜዬን ያነሳሁት የማወራችሁ ነገር ስለ መቆም ስለሆነ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ጉዳይ በተነሳበት ቦታ ሁሉ አልተቀመጥኩም። ወንበር ቀረበልኝ፣ ሶፋ ቀረበልኝ፣ የፕላስቲክ በርጩማ ሳይቀር ቀረበልኝ፤ እምቢ አልኩ። በመቆሜም አሸነፍኩ። ጉረኛ ነው የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ አንብቡና ደግሞ ፍረዱ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እየተደነቃቀፍኩ ነው የማነበው። እንጀራዬ ግን መሬት ቅየሳ ነበር። አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰንሰለት ጎታች ነበርኩ። ሰንሰለት ጎታች ማለት፣ ቀያሹ በመነጽሩ አጮልቆ ሲያይ፣ እሾህ ውስጥ ገብቶ መለኪያውን ሰንሰለት ወጥሮ የሚይዝ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሰው ነው። ዘንጉ ጣት ያህል ከዘመመ የአንዱ ማሳ ለሌላው ይሄዳል፤ ከዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ደም ይፈላለጋል። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፋ መንገዷን ስትጨርስ ሳልነቃነቅ የጠበቅኩባቸው ቀኖች አሉ።

ቀያሼ አቶ መርዕድ ነበሩ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እግራቸውን የረገጠውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁ ዓይነት። እግዜር ሲፈልግ ሁለታችንንም ሜልበርን አምጥቶ አንድ ፎቅ ላይ ጣለን፤ እሳቸውን ዘጠነኛ፣ እኔን አስራ አንደኛ። አገር ቤት አለቃዬ ነበሩ፣ እዚህ ከላያቸው ነው የምኖረው። ይህን አንድም ቀን አንስቼባቸው አላውቅም፤ ሊፍት ውስጥ ካልሆነ በቀር።

የአቶ መርዕድን ዲፕሎማ እዚህ አገር የሚያውቀው ጠፋ። ስለዚህ ፈቃድ ካለው ከአንድ አረጋዊ ፈረንጅ ቀያሽ ጋር ተስማምተው ይሠሩ ነበር፤ ልኬቱና ንድፉ የአቶ መርዕድ፣ ማኅተሙ የፈረንጁ። ዘንግ የሚይዝ ሲያስፈልግ ደግሞ የማንን በር እንደሚያንኳኩ ያውቃሉ።

ታዲያ ከከተማው ዳር ሰንሻይን ሰፈር የሚኖር ሰይፉ የሚባል ያገራችን ሰው ነበር። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ቀድሞ የመጣ፣ የፋብሪካ ጽዳት ኮንትራት የሚይዝ፣ ቤቱ ጓሮ ሰፊ። ጓሮውን ከፍሎ ለብቻው ለመሸጥ ፈለገ። አቶ መርዕድ ለኩለት፣ እኔ ዘንግ ያዝኩ፣ ችካል ተከልን። ከዚያ አቶ መርዕድ ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብለው ንድፉን ሠሩለት፤ መኪና መግቢያው፣ የውሃ ቧንቧው፣ የአዲሱ ቤት መቆሚያ ሳይቀር። የውል ወረቀቱን ያመጡት ከፈረንጁ ነበር፤ በአማርኛ አንብበውልኛል። ባለቤቱ የሥራውን ዋጋ ካልከፈለ መሬቱ ራሱ መያዣ ይሆናል የሚል መስመር አለበት። አቶ መርዕድ ቅን ሰው ስለሆኑ የኔንም ስም ከስማቸው በታች አስገቡ። ሰይፉ መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ፣ ሳያነብ፣ ጫር ጫር አድርጎ ፈረመበት።

ያ ዋጋ ተራ ዋጋ አልነበረም። የአቶ መርዕድ ባለቤት እትዬ አስካለ አዲስ አበባ ከቀሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ቪዛው መጣ። ቪዛው ግን ቀን አለው፤ እስከዚህ ቀን አውስትራሊያ ካልገቡ ተሰረዘ ማለት ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱ የሚቆረጠው ከሰይፉ በሚገኘው ነው። አቶ መርዕድ ይህን ለኔና ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገሩን። እኔን ደግሞ በሚካኤል አስምለውኛል።

"ችግሬ በሰው አፍ እንዳይገባ" አሉኝ። "ሰውየው የሚከፍለኝ ስለሠራሁለት ይሁን፤ አዝኖልኝ አይሁን።"

ሥራው አለቀ፣ ማኅተሙ አረፈበት፣ ሰይፉ ንድፉን ተቀበለ። ክፍያው ግን ነገ ሆነ። አቶ መርዕድ ስልክ ይደውላሉ፤ "ደኅና ነህ? ልጆች ደኅና ናቸው?" ብለው ይዘጋሉ። ለምን እንደደወሉ እንኳ ሳይናገሩ! በመጨረሻ እኔ ልሂድ አልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በባቡር ሰንሻይን ወረድኩ። ሰይፉ በሩን ከፍቶ እቅፍ አደረገኝ።

"ጋሼ! ግቡ እንጂ! ምነው በር ላይ? ቁጭ ይበሉ፣ ቁጭ ይበሉ!"

ተቀመጥኩ። ጥብስ መጣ። በላሁ። የሰው እንጀራ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ፣ "በል አሁን ክፈል" ማለት እንዴት ይሆንልኛል? መርቄ ወጣሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ክትፎ ነበር፤ መርቄ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ዶሮ ወጥ ነበር፤ እንቁላሉን ሁለት አደረገልኝ። ያን ቀን እስከ ልጅ ልጆቹ መርቄ ወጣሁ።

ባለቤቴ በላይነሽ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እህ? አመጡ?"

"ዶሮው ጥሩ ነበር" አልኳት።

"አንቱ ሰውዬ፣ የላክንዎት ለክፍያ ነው ወይስ ለቀለብ? እትዬ አስካለ በእርስዎ ሆድ ተሳፍረው ይመጣሉ?"

ነገሩ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ማታውን ሳስበው ቆየሁና ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ አገኘሁት። ጥፋቱ ከዶሮው አልነበረም፤ ከመቀመጡ ነው። ሰው ከተቀመጠ ይበላል፣ ከበላ ይመርቃል፣ ከመረቀ ባዶ እጁን ይወጣል። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ቆሜ ነው። ስለዚህ በአራተኛው ቅዳሜ ሰይፉ "ቁጭ ይበሉ" ሲል በሩ ላይ ቀጥ አልኩ።

"አልቀመጥም። የአቶ መርዕድን ዋጋ ስጠኝ።"

ሰይፉ አየኝ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ እውነቱን እናውራ። እሳቸው እርሳስ ይዘው መስመር አሰመሩ። እርስዎ ዘንግ ያዙ። ለዘንግ ያዥ ነው የምከፍለው? ወገን ለወገን ይህን ያህል ካላደረገ ምኑን ወገን ሆነው?"

ዘንግ ያዥ! አያችሁ፣ ሌባ ቢለኝ እስቅ ነበር። እዚያው በሩ ላይ ማልኩ፤ የአቶ መርዕድ ዋጋ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ይህ ጉዳይ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ አልቀመጥም።

ሰኞ ውሉን ይዤ ካርልተን ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጡበት ቤት ሄድኩ። አፍንጫዋ ላይ ቀለበት ያደረገች ወጣት ጠበቃ ተቀበለችኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ የማላየው ያገሬ ልጅ ከሳጥን ውስጥ ያናግረኛል።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ ትላለች።"

"አልቀመጥም በላት።"

ትንሽ ቆየና፣ "ታመዋል ወይ ትላለች።"

"ምያለሁ በላት።"

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ይህ እንዴት ተብሎ ይተረጎማል?"

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ ደሞዝ የሚከፈልህ አንተ!"

ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም፣ ልጅቷ ግን እሷም ተነስታ ቆመች። ጨዋ ልጅ ናት። ቆመን ውሉን አነበበች። መያዣ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። በዚህ ወረቀት መሬቱ ላይ እግድ ማስመዝገብ ትችላላችሁ አለችኝ። ኬቪየት ይሉታል። መዝገቡ ላይ ከሰፈረ ሰይፉ ያንን መሬት ሊያዛውር ሲሞክር መዝጋቢው ቁም ይለዋል። ቁም! ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ዘንግ የያዘ ሰው መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ። ያለ በቂ ምክንያት እግድ ያስመዘገበ ሰው ኪሳራውን ራሱ ይከፍላል፤ አንድም ነገር እንዳልሳሳት። ፎርሙን ልሙላልዎት አለችኝ። እኔ ሞኙ፣ "ራሴ እሞላዋለሁ" አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ለክቼ አንዲት ገጽ ታቅተኛለች?

አቶ መርዕድን ላስፈርማቸው ዘጠነኛ ፎቅ ወረድኩ። ፎርሙን አዩና ወደኔ መልሰው ገፋ አደረጉት።

"ጋሼ፣ የሰው ንብረት ማሳገድ... ይቅር። ሰው ምን ይለናል?"

"እርስዎ አይፈርሙ" አልኳቸው። "ውሉ ላይ የኔም ስም አለ። የተሰደብኩትም እኔ ነኝ። ብቻዬን አስመዘግባለሁ።"

የመሬት መዝገብ ቤቱ መሀል ከተማ ነው። በትራም ሄድኩ፤ በትራሙ ውስጥም ቆምኩ፣ ጉዳዩን በልቤ ይዤው ስለነበር። ከመስኮቱ ኋላ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ አለ። ቁጥር ሰጠኝና ወንበሮቹን በእጁ አሳየኝ። "ኖ ሲት" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ቁጥሬ ሲጠራ ፎርሙን አየ፣ አገላበጠ፣ መለሰልኝ።

"ፔን" አለኝ።

በእርሳስ ነበር የሞላሁት። ቅየሳ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የመስክ ደብተር በቀለም አይጻፍም። ዝናብ ሲመጣ ቀለም ይታጠባል፣ የአንድ ወረዳ ድንበር አብሮ ይፈሳል። እርሳስ ግን ይቆያል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ።

"ሬይን ካም፣ ፔን ፊኒሽ። ፔንስል ኖ ፊኒሽ!"

ሰውዬው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። "ኖ ሬይን ሂር" አለኝ በትዕግሥት።

በማግስቱ በቀለም ሞልቼ ተመለስኩ። ኩራቴን ብታዩት! መሬቱን ግለጽ የሚለው ቦታ ጠበበኝና ከኋላ ሌላ ወረቀት አያያዝኩበት። ካርታ ሣልኩ። ጓሮው ውስጥ ካለው ሎሚ ዛፍ ሥር ከተከልነው ችካል ተነስቶ፣ በአጥሩ ጥግ አድርጎ፣ እስከ ጎረቤቱ የዕቃ ቤት ድረስ፣ እያንዳንዱን ልክ በቃሌ አስታውሼ ጻፍኩት። ለነገሩ የሰይፉ ውሻ የታሰረበትንም አስገብቻለሁ፣ ሠራተኛ ቢላክ እንዳይነከስ ብዬ።

ሰውዬው መነጽሩን አደረገ። አፉ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ መሀል ላይ ግን ተወው። ውስጥ ገብቶ በአቶ መርዕድ ንድፍና በፈረንጁ ማኅተም ቀድሞ የገባውን ካርታ ይዞ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋ። በጣቱ አንድ ልክ ይነካል፣ ወደኔ ወረቀት ይሄዳል። ደግሞ ሌላ ይነካል፣ ይመለሳል። ሁሉም ያው ነው።

"ይህን ማን ለካው?" አለኝ።

ደረቴን መታሁ። "ማይ ቦስ ሉክ። ሚ ሆልድ።"

"ሆልድ?"

ዘንግ እንደያዝኩ ሆኜ ቆሜ አሳየሁት፤ ክርን ወደ ውስጥ፣ አገጭ ቀጥ፣ ዓይን ወደ ፊት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አነቃነቁ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። የራሱ አባት መንገድ ሥራ ላይ ዘንግ ይይዝ እንደነበር በምልክትም በቃልም ነገረኝ። እዚህ ቤት መሬት የሚታወቀው በሎሚ ዛፍ ሳይሆን በመዝገቡ ጥራዝና በገጹ ቁጥር ነው ብሎ፣ የት እንደማገኘው አሳየኝ። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዷን አሃዝ ሦስት ሦስት ጊዜ እያየሁ ገለበጥኩ። ለሦስተኛ ጊዜ መስኮቱ ፊት ስቆም ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበና ማኅተሙን አነሳ።

ዱብ!

ብዙ ማኅተም ሰምቻለሁ። የመታወቂያ፣ የመውጫ፣ የእንቢታ ማኅተም ሰምቻለሁ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሎሚውን ዛፍ ካርታ ልወስድ ስል እጁን ጫነበትና "ሜይ አይ ኪፕ?" አለኝ። ተውኩለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ። ለሰይፉ ደብዳቤ ደረሰው። ጓሮውን ሊገዛ የነበረው ሰው ጠበቃ መዝገቡን አይቶ "ይህ ሳይነሳ አንገዛም" አለ። ሰይፉ አቶ መርዕድ ጋ ደወለ፤ አቶ መርዕድ እውነታቸውን ነው፣ "እኔ አልፈረምኩም፣ ጋሼን አነጋግር" አሉት። እኔ ጋ ቢደውል በላይነሽ ታነሳና "ቆመዋል፣ ስልክ አያነሱም" ትለዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ አስካለ ቪዛ ቀኑ እየቀረበ ነው። አቶ መርዕድ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔም በልቤ ፈራሁ። ሰውየው እልህ ይዞት ሽያጩንም ትቶ ቢቀመጥስ? የኔ ግትርነት የሰው ሚስት ቢያስቀርስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ፣ ግድግዳ ተደግፈው ያለከልካሉ። ያን ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ አስራ አንድ ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። ፊት የቆሙት የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ቦጋለ ናቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ከኋላቸው ከቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታው፣ ከሳቸው ኋላ ደግሞ ከጴንጤዎቹ ወገን ወንድም ጴጥሮስ። ሰይፉ ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም አንድ ላይ አሰልፏል! ለሌላ ጉዳይ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች በኔ ላይ ተስማሙ።

ቤት ገቡ፣ ግድግዳውን ተከትለው ቆሙ። በላይነሽ ወንበር ደረደረች።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ቦጋለ። "ጉዳይ ይዘን መጥተናል። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።"

ወጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተላከ ሽማግሌ ነገሩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ባለቤቱ ሽማግሌ አቁሞ ማየት ያፍርና እሺ ይላል። ስንት ጋብቻ፣ ስንት እርቅ የተፈጸመው በሰው እግር ድካም ነው! ሰይፉ ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የላካቸው ሰንሰለት ጎታች ቤት ነው።

"እንግዲያው እኔም አልቀመጥም" አልኩና ፊት ለፊታቸው ቀጥ አልኩ።

አራት ሽማግሌዎች፣ አንዲት ጠባብ ሳሎን፣ አራት ባዶ ወንበር። በላይነሽ ብቻዋን መሀል ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"ወንድማችን" አሉ መሪጌታው፣ "ወገንህን በባዕድ ችሎት መክሰስ ደግ ነው?"

"እኔ ሰይፉን አልከሰስኩም። መሬቱን ነው ያሳገድኩት። መሬቱ ደግሞ አልተቀየመኝም።"

"ጌታ ይቅር በሉ ብሏል" አለ ወንድም ጴጥሮስ።

"ብሏል። የሠራተኛን ዋጋ አትብሉም ብሏል።"

"አንተ ሰው!" አሉ ጋሽ ቦጋለ አንዱን እግር ወደ ሌላው እየቀየሩ። "እኛን አቁመህ ልታውል ነው?"

"እኔ መች አቆምኳችሁ? ወንበሩ ያውና።"

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ወንድም ጴጥሮስ ጸሎት እናድርግ አለ፤ ተንበርክኮ ሊያርፍ አስቦ መሰለኝ። "ቆመን እንጸልይ" አልኩ። መሪጌታውም ቆሞ መጸለይ የለመዱ ናቸውና ደግፈውኝ ረጅሙን ያዙት። ሌላ ግማሽ ሰዓት። የኔም ወገብ ተንጨርጭሯል፣ አልዋሻችሁም። ግን ዝንቧን አሰብኩ። ክርን ወደ ውስጥ፣ አገጭ ቀጥ፣ ዓይን ወደ ፊት።

ድንገት ጋሽ ቦጋለ "እፎይ" አሉና ዱብ፣ ሶፋው ላይ!

"ይኸው ተቀመጡ!" አልኩ እየጮህኩ።

"እኔ አልተቀመጥኩም" አሉ ጋሽ ቦጋለ ጉልበታቸውን ይዘው። "ጉልበቴ ነው የተቀመጠው። እኔ በሐሳብ ቆሜያለሁ።"

መሪጌታው መሳቅ ጀመሩ። ወንድም ጴጥሮስም ሳቀ። ያን ጊዜ በላይነሽ ሰፌዷን ከጭኗ ላይ አነሳች።

"አባቶቼ" አለች፣ "ይኼ ግትር ሰውዬ ምሎ ነው አፉን የዘጋው። እኔ አልማልኩም።"

"በላይነሽ!" አልኩ።

"ዝም ይበሉ፣ ቆመው ይጠብቁ" አለችኝና ሁሉን ዘረገፈችው። ዘጠኙን ዓመት፣ ቪዛውን፣ ቀኑን፣ ቲኬቱን፣ መሳቢያ ውስጥ የገባውን የቀን መቁጠሪያ። ዘንግ ያዥ መባሌንም አልተወችውም።

የጋሽ ቦጋለ ፊት ተለወጠ። ከሶፋው ላይ፣ ያንን ጉልበት እየረገሙ፣ እንደገና ተነስተው ቆሙ።

"ሰይፉ ይህን አልነገረንም" አሉ። "የግል ኩርፊያ ነው አለን። የት ነው ያለው አሁን?"

"ታች መኪና ውስጥ፣ ምሥራች እየጠበቀ" አለ ወንድም ጴጥሮስ።

"ይምጣ። በእግሩ!"

ሰይፉ አስራ አንዱን ፎቅ ወጥቶ ደረሰ። ከረባቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ስለተጠራ ብቻ እኔ እሺ ያልኩ መሰለው፤ አራታችንም መቆማችንን ልብ አላለም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" ብሎ ወንበር ሳበ።

"ቁም!" አልነው አራታችንም ባንድ አፍ።

ቆመ። ጋሽ ቦጋለ ቀስ ብለው ሁሉን ነገሩት። ሰይፉ መሬት መሬቱን አየ። በኋላ የተናገረውን ለሱ ስል እጽፈዋለሁ፤ "ለሚስታቸው ቲኬት መሆኑን አላወቅኩም" አለ፣ በቀጭን ድምፅ። "ቢነግሩኝ ኖሮ..."

"እንዲህ እንዳትላቸው ነው ያልነገሩህ" አልኩት። "ለእዝነት አይደለም። ለሠሩት ነው።"

ሰኞ ጠዋት ሰይፉ በሦስቱ ሽማግሌዎች ታጅቦ ሰንሻይን ባንክ ገባ፣ ከዚያም ዘጠነኛ ፎቅ ወጣ፤ ሊፍቱ ተሠርቷል። የአቶ መርዕድን ዋጋ በእጃቸው አስረከበ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ። ለኔም ድርሻዬን ሰጠኝና፣ "ጋሼ፣ ዘንግ ያዥ ያልኩዎትን..." ብሎ ጀመረ። "ነኝ እኮ" አልኩት። "ምን አጠፋህ፤ ዘንግ ያዥ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ነው የረሳኸው።" አቶ መርዕድ የቀን መቁጠሪያውን ከመሳቢያ አውጥተው ቦታው ላይ ሰቀሉ፤ ያንኑ ዕለት ቲኬቱ ተቆረጠ። እትዬ አስካለ ቪዛው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ገቡ። ዛሬ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አቶ መርዕድን ሲቆጡ እኔ አስራ አንደኛ ሆኜ እሰማለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ቁጣ ነው፣ አላልቅ ብሏል።

ገንዘቡ በገባ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከረባት አስሬ የመሬት መዝገብ ቤቱ በር ሳይከፈት ደረስኩ። እግዱን የማነሳበትን ፎርም በቀለም ሞልቼዋለሁ፤ ጥራዙም ገጹም ልክ ነው፤ ከሎሚው ዛፍ አንድ ቅጠል አላስገባሁም። ባለመነጽሩ ሰውዬ ሲያየኝ ፈገግ አለ። የሣልኩት ካርታ ከኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ውሻው ሳይቀር። ቁጥር ሰጠኝ። ወንበሮቹን ሊያሳየኝ እጁን አነሳና፣ አስታውሶ መልሶ አወረደው።

እኔ ግን ሄድኩ፣ መሀለኛውን መረጥኩ፣ ኮቴን ሰብሰብ አድርጌ፣ ቁጭ አልኩ።